ኦቨርክሎክ ለተደረገ ፕሮሰሰር የትኛው የጫና ሙከራ ይሻላል? የአመራረጥ መመሪያ

ፕሮሰሰርን ኦቨርክሎክ ማድረግ፣ ማለትም ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ ማድረግ፣ ራሱ ረጅም ሥራ አይደለም። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት የሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ የፍጥነት ማባዣውን አንድ ሁለት እርከን ከፍ ማድረግ፣ ቮልቴጁን ማስተካከልና አስቀምጦ መውጣት የጥቂት ደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ጊዜ የሚፈጀው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ኮምፒውተሩ ስለተነሣና ዊንዶውስ ስለከፈተ ብቻ አዲሱ ፍጥነት ይታመናል ማለት አይቻልምና። ለጥያቄው መልስ ለማግኘት የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው፤ ፕራይም95፣ ሊንፓክ፣ ኦሲሲቲ፣ ዋይ-ክረንቸር፣ ኤይዳ64፣ ሲኒቤንች፣ ኮርሳይክለር እያለ ይቀጥላል። ተጠቃሚውም እንደየልማዱ አንዱን ይዞ «ይህን 24 ሰዓት ካለፈ ሌላ አያስፈልግም» ሲል ይሰማል።

በእኔ ግምት ስሕተቱ ሁሉም ፕሮግራሞች አንድ ነገር ይለካሉ ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። አንዳንዱ ፕሮሰሰሩን እስከ ጥግ ለማሞቅ ይበጃል፤ አንዳንዱ የተዛባ ስሌትን ለመያዝ የተሻለ ነው፤ ሌላው ደግሞ አንድን ኮር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሳቸውን ችለው ከሚያሰሉት ክፍሎች አንዱን፣ ለብቻው ወደ ከፍተኛ ፍጥነቱ ያስወጣዋል። ከሁሉ አብልጦ የሚያሞቀው ሙከራ ከሁሉ አብልጦ ስሕተት የሚይዘው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ እዚህ ፕሮግራሞቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ አልደረድራቸውም፤ ይልቁንም ባዮስ ውስጥ የተነካው ነገር ምን እንደሆነ ተይዞ ለዚያ የሚስማማው ሙከራ የትኛው እንደሆነ አሳያለሁ።

ስሕተቱ ከየት ይመጣል?

በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ኮር በሴኮንድ 5 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል፤ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ 0.2 ናኖሴኮንድ ብቻ ነው። በዚህች ጊዜ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክቱ በተከታታይ ትራንዚስተሮች አልፎ ከሚቀጥለው ምት በፊት ቦታው መድረስ አለበት። ፍጥነቱን ስንጨምር ይህንን ጊዜ እናሳጥራለን፤ ቮልቴጁን ስንጨምር ምልክቱ ቶሎ እንዲደርስ እናግዘዋለን፤ ሙቀቱ ሲያይል ደግሞ በቮልቴጁ ያተረፍነው ጊዜ መልሶ ይሸረሸራል። ምልክቱ ሲዘገይ ውጤቱ ሁልጊዜ ሰማያዊ ስክሪን አይሆንም። አንድ ቢት ብቻ ተገልብጦ ፕሮግራሙ የተሳሳተውን ቁጥር እንደ ትክክለኛ ተቀብሎ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ የታመቀ ፋይል አልከፈት ሲል ወይም ለሰዓታት የተቀነባበረ ቪዲዮ መሐል ላይ ሲዛባ ነው።

የመጀመሪያው መምረጫ ከዚህ ይነሣል። ሙከራው የራሱን መልስ ያመሳክራል ወይስ ጫና ብቻ ይፈጥራል? የሚያመሳክር ሙከራ ኮምፒውተሩ ሳይዘጋ የተፈጠረውን ስሕተት እንኳን ይናገራል፤ ጫና ብቻ የሚፈጥር ሙከራ ግን «አለፈ» የሚለው ስላልወደቀ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መምረጫ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚፈጀው ኃይል በግምት ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። አንድን ፕሮሰሰር ከ5.0 ወደ 5.2 ጊጋኸርዝ ለማውጣት ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.30 ቮልት ማሳደግ አስፈለገ እንበል። የፍጥነቱ ጭማሪ 4 በመቶ ነው፤ የቮልቴጁ ጭማሪ በካሬ ሲሰላ 17 በመቶ ይሆናል፤ ሁለቱ ሲባዙ ፕሮሰሰሩ 22 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ኃይል ይፈጃል፣ ያም ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለ4 በመቶ ፍጥነት 22 በመቶ ሙቀት መክፈል ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን የጫና ሙከራ አይመልስም፤ ማቀዝቀዣው መሸከም ይችል እንደሆነ ግን በግልጽ ያሳያል።

ከባዶቹ፦ ፕራይም95 እና ሊንፓክ

ፕራይም95 ለኦቨርክሎክ ተብሎ የተጻፈ ፕሮግራም አይደለም። ጆርጅ ዎልትማን እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው፣ ሜርሴን የሚባሉትን ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች በብዙ ሰዎች ኮምፒውተር የማፈላለግ ፕሮጀክት መሣሪያ ነው። አንድን ቁጥር ለመመርመር ስሌቱ ቀናትና ሳምንታት ስለሚፈጅና መሐል ላይ የገባች አንዲት ስሕተት የሳምንቱን ድካም ሁሉ ስለምታበላሽ፣ ኮምፒውተሩ ለሥራው የሚታመን መሆኑን አስቀድሞ የሚፈትሽ ክፍል ተካተተበት። ኦቨርክሎክ አድራጊዎች የወረሱት ይህንን ክፍል ነው።

በተግባር እንዲህ ይታያል። ሙከራው ሲጀመር ለየኮሩ አንዳንድ ትንሽ መስኮት ይከፈታል፤ በየመስኮቱም ያለቁት ስሌቶች በመስመር በመስመር ይወርዳሉ። ፕሮግራሙ ግዙፍ ሙሉ ቁጥሮችን የሚያባዛው በአስርዮሽ ስሌት በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ውጤት ለአንድ ሙሉ ቁጥር በጣም የቀረበ መሆን አለበት። ልዩነቱ ከ0.4 በታች መሆን ሲገባው 0.5 ሆኖ ሲገኝ ውጤቱ ከሁለት ሙሉ ቁጥሮች እኩል መሐል ላይ ወድቋል ማለት ነው፤ የትኛው እንደነበረ ማወቅ ስለማይቻል ፕሮግራሙ ያንን መስኮት ያቆመዋል። የተቀሩት መስኮቶች ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላሉ። ኮምፒውተሩ አልተዘጋም፣ ስክሪኑ አልተለወጠም፣ ነገር ግን አንዱ ኮር ሐሰት ተናግሮ ተይዟል። አድሮ ማየት ብቻውን የማይበቃውና ሁሉንም መስኮቶች አንድ በአንድ መመልከት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ፕራይም95 ሲከፈት የሚያቀርባቸው ምርጫዎች የተለያየ ነገር ይፈትሻሉ። አነስተኛ መጠን ያለው ስሌት በፕሮሰሰሩ ካሽ (በውስጡ ባለው ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ) ውስጥ ስለሚያልቅ ኮሮቹ ራም ሳይጠብቁ ያለ ፋታ ይሠራሉ፤ ከፍተኛው ሙቀት የሚገኘውም በዚህ ነው። ትልቅ መጠን ያለው ስሌት ወደ ራም ስለሚወጣ ሙቀቱ ዝቅ ይላል፣ በአንጻሩ የሜሞሪ መቆጣጠሪያውንና ራሙን ይፈትናል። ድብልቁ ሁሉንም በየተራ ያነካካል። ሙቀትን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ድብልቁን ሌሊቱን ሙሉ ቢያሠራ ጊዜውን ያባክናል፤ ራሙን የነካ ሰው ደግሞ በአነስተኛው ስሌት ብቻ ቢረካ ራሱን ያታልላል።

እዚህ ላይ ኤቪኤክስ የሚባለውን ነገር ማለፍ አይቻልም። ኤቪኤክስ በአንድ ትእዛዝ ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ የሚያሰላ የፕሮሰሰር ክፍል ነው፤ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች እ.ኤ.አ. በ2011 መጣ፣ ኤቪኤክስ2 በ2013 ተከተለ። የፕራይም95 እትሞችም ይህንን ተከትለው ስለተሻሻሉ አዲሱ እትም በተመሳሳይ ፍጥነትና ቮልቴጅ ከድሮው በግልጽ የበለጠ ሙቀት ያወጣል። ሁለት ሰዎች «ፕራይም95 አለፈልኝ» ቢሉ አንዱ ኤቪኤክስን አጥፍቶ ሌላው አብርቶ ከሆነ ስለ ሁለት የተለያዩ ሙከራዎች እያወሩ ነው። በአዲሶቹ እትሞች የሙከራ መስኮት ላይ ኤቪኤክስን ማጥፋት ስለሚቻል፣ እኔ ሁለቱንም እንዲሞክሩ እመክራለሁ፤ በርቶ የማቀዝቀዣውን ጥግ ያሳያል፣ ጠፍቶ ደግሞ ሙቀቱ ወይም የኃይል ገደቡ ፍጥነቱን ሳይቀንሰው በሙሉ ፍጥነት ላይ ያለውን ትክክለኛነት ይፈትሻል።

ሊንፓክ በብዙ እኩልዮሾች የተገነባ ሥርዓትን የሚፈታ ስሌት ነው፤ የዓለምን ፈጣን ሱፐርኮምፒውተሮች ደረጃ የሚያወጣው ቶፕ500 የተባለው ዝርዝርም ከ1993 ጀምሮ የሚመዝናቸው በእሱ ነው። ለቤት ኮምፒውተር የተዘጋጁት ሊንኤክስና ሊንፓክ ኤክስትሪም የመሳሰሉት ፕሮግራሞች በዚሁ ስሌት ፕሮሰሰሩን በአጭር ጊዜ እስከ ጥግ ያሞቁታል። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ቀሪ ስሕተት የሚባል እጅግ ትንሽ ቁጥር ይታያል፤ ስሌቱ ያው ሆኖ ሳለ ቁጥሩ በአንዱ ዙር ከሌሎቹ ተለይቶ ከታየ፣ ፕሮግራሙ «አለፈ» ቢልም መጠራጠር ይገባል። ሊንፓክን የምመርጠው ለፍጥነቱ ነው። ዛሬ አምስት የቮልቴጅ ልኮችን መሞከር የሚፈልግ ሰው ለእያንዳንዱ አንድ ሌሊት ሊሰጥ አይችልም፤ ሩብ ሰዓት ሊንፓክ ተስፋ የሌላቸውን ቶሎ ይጥልለታል። የሚቀረው አንድ ልክ ሲሆን ግን ወደ ሌላ ሙከራ መሻገር አለበት።

የሁለቱም ጉድለት አንድ ነው። ጫናቸው ወጥ ነው፤ ከጀመሩ በኋላ ፕሮሰሰሩ በአንድ ኃይልና በአንድ ቮልቴጅ ላይ ተቀምጦ ይሠራል። የዕለት ተዕለት ሥራ ግን እንዲህ አይደለም፤ ጫናው በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጫና ድንገት ሲመጣ ቮልቴጁ ለቅጽበት ይዋዥቃል፤ ማዘርቦርዱ ይህንን የሚያርምበት ሎድ-ላይን ካሊብሬሽን የተባለው የባዮስ ምርጫ አለመጠን ከተጠናከረ ደግሞ ጫናው ሲለቅ ቮልቴጁ ከታሰበው በላይ ይዘላል። ወጥ የሆነ ሙከራ ይህንን መዋዠቅ አያየውም።

ኦሲሲቲና ዋይ-ክረንቸር

ለጀማሪ አንድ ፕሮግራም ብቻ ምረጥ ብባል ኦሲሲቲን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ከሁሉ የከበደ መሆኑ አይደለም፤ የሙከራውን ዓይነት፣ የስሌቱን መጠንና የትእዛዝ ስብስቡን ከአንድ ገጽ ላይ ለመምረጥ ማስቻሉ፣ ሙቀትን፣ ቮልቴጅንና ፍጥነትን ከስሕተት ቆጠራው ጎን በግራፍ ማሳየቱ፣ ሙቀቱ ከተሰጠው ልክ ሲያልፍም ሙከራውን በራሱ ማቆሙ ነው። ወጥና ተለዋዋጭ የተባሉ ሁለት የጫና ዓይነቶች አሉት፤ ሙቀት ለመለካት ወጡ፣ ስሕተት ለመያዝ ተለዋዋጩ ይሻላል። ስሕተት ሲያገኝ ኮሩን ለይቶ ስለሚነግር ፍለጋውን ያሳጥራል።

ዋይ-ክረንቸር ደግሞ የአሌክሳንደር ዪ ሥራ ነው፤ ፓይ (π) የተባለውን ቁጥር በትሪሊዮን በሚቆጠሩ አሃዞች የማስላት ክብረ ወሰኖች የተሰበሩበት ፕሮግራም ሲሆን፣ በ2010 የ5 ትሪሊዮን፣ በ2022 የ100 ትሪሊዮን አሃዝ ስሌቶች የተሠሩት በእሱ ነው። እንዲህ ያለ ስሌት ለወራት ሲሄድ ስሕተት ሾልኮ እንዳያልፍ ውስጡ በማመሳከሪያ የተሞላ ነው። የጫና ሙከራው ክፍል ብዙ አጫጭር ስሌቶችን እያፈራረቀ ስለሚያሠራ ጫናው አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ከፊሎቹ ኮሮቹን፣ ከፊሎቹ የሜሞሪ መቆጣጠሪያውንና ራሙን ያጠቃሉ። ፕራይም95ን ለሰዓታት ያለፈ ልክ በዋይ-ክረንቸር ጥቂት ደቂቃ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ በተለይ ፈጣን ራም ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ። ጥቁር መስኮት ላይ በቁጥር እየመረጡ የሚያዙት ፕሮግራም መሆኑ ያልለመደውን ሰው ያስፈራ ይሆናል እንጂ አጠቃቀሙ አስቸጋሪ አይደለም።

ኤይዳ64 እና ሲኒቤንች

እነዚህን ሁለቱን አጠር አድርጌ አልፋቸዋለሁ። ኤይዳ64 የሲስተም መረጃ ማሳያ ሲሆን የመረጋጋት ሙከራም አለው። ሁሉም ሳጥኖች ተመርጠው ሲሄድ ጫናው ለዘብ ያለ ነው፤ ኤፍፒዩ (የአስርዮሽ ስሌት ክፍሉን የሚፈትነው) የሚለው ብቻ ሲመረጥ ግን በግልጽ ይከብዳል። ሲኒቤንች አር23 በበኩሉ አንድን ባለ ሦስት አውታር ምስል ደጋግሞ እየሠራ ነጥብ የሚሰጥ መለኪያ ነው፤ የ10 እና የ30 ደቂቃ ሙከራ አማራጭ አለው። የተሳሳተ ፒክሰል ቢሠራ ግን አይናገርም። ስለዚህ ሲኒቤንችን ማለፍ የመረጋጋት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይገባም።

ጥቅሙ ሌላ ነው። የነጥቡ መውረድ ሌሎች ሙከራዎች የማይናገሩትን ነገር ይጠቁማል። አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ቮልቴጅ ሲያንሳቸው ከመውደቅ ይልቅ ምታቸውን ይለጥጣሉ፤ ስክሪኑ ላይ የሚነበበው ፍጥነት ሳይለወጥ የሚሠራው ሥራ ይቀንሳል። በሪፖርቱ 5.1 ጊጋኸርዝ እየተነበበ ነጥቡ ከቀድሞው 4.9 ጊጋኸርዝ በታች ከሆነ፣ የተገኘው ኦቨርክሎክ የስም ብቻ ነው። ኤችደብሊውኢንፎ የተባለው ፕሮግራም ከሚታየው ፍጥነት ሌላ ውጤታማ ፍጥነት የሚል መስመር ስላለው በማናቸውም ሙከራ ጊዜ እሱን ከፍቶ ሁለቱን ማነጻጸር ይበጃል።

ቀላሉ ጫና የሚጥለው ኮምፒውተር

ብዙዎች የማይጠብቁት አለመረጋጋት ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበት ሳይሆን ሥራ ሲፈታ የሚመጣው ነው። በአንድ ባለ 8 ኮር ፕሮሰሰር ላይ የሁሉንም ኮሮች ቮልቴጅ በእኩል መጠን ቀንሼ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በሁሉም ኮሮች ላይ የሄደው ሙከራ ያለ ስሕተት አለፈ፤ ሙቀቱም ቀነሰ፤ በሥራዬ ረካሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰነድ ከፍቼ ሳነብ፣ እጄ ከማውሱ ላይ እንኳን ሳይኖር፣ ኮምፒውተሩ ያለ ምንም መልእክት ሪስታርት አደረገ። የዊንዶውስ ኢቨንት ቪውር ውስጥ የሲስተሙን መዝገብ ስከፍት ዊያ-ሎገር የሚል ምንጭ ያለው፣ ቁጥሩ 18 የሆነ የሃርድዌር ስሕተት ተመዝግቦ አገኘሁ፤ የፕሮሰሰር መለያው 6 ይላል። በዚያ ፕሮሰሰር እያንዳንዱ ኮር ሁለት የሥራ መስመር ስላለው 6 ለ2 ሲካፈል 3 ይሆናል፤ ከዜሮ ሲቆጠር አራተኛው ኮር ማለት ነው። ያንኑ ኮር ለብቻው በአንድ የሥራ መስመር ሳሠራው አራት ደቂቃ ሳይሞላ ስሕተት አወጣ። የእሱን ቮልቴጅ ብቻ ጥቂት እርከን መልሼ ሌሎቹን እንዳሉ ስተዋቸው ችግሩ ቀረ።

ነገሩ እንቆቅልሽ አይደለም። ሁሉም ኮሮች ሲሠሩ የኃይልና የሙቀት ገደቡ ፍጥነታቸውን ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል። አንድ ኮር ብቻ ሲሠራ ግን ኃይሉም ሙቀቱም ስለሚተርፍ እስከ ከፍተኛው ፍጥነቱ ይወጣል፤ በሁሉም ኮሮች ሙከራ ጊዜ ያ ፍጥነት አንድም ጊዜ አልተነካም። በዚያ ላይ ፋብሪካው ጎበዝ ብሎ ከፍ ያለ ፍጥነት የሰጣቸው ኮሮች ብዙውን ጊዜ ቮልቴጅ ሲቀነስባቸው መጀመሪያ የሚያስቸግሩት ናቸው፤ ያላቸው ትርፍ አስቀድሞ ተወስዷልና። ኮርሳይክለር የተሠራው ለዚህ ነው። ፕራይም95ን ወይም ዋይ-ክረንቸርን በአንድ ጊዜ በአንድ ኮር ላይ ብቻ እያስነሣ፣ የተወሰነ ደቂቃ አሠርቶ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ ኦሲሲቲም በአዳዲስ እትሞቹ ተመሳሳይ የኮር ማፈራረቂያ አለው። የኤኤምዲ ራይዘን 5000 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት ፕሮሰሰሮች ላይ ከርቭ ኦፕቲማይዘር በተባለው ምርጫ የየኮሩን ቮልቴጅ የሚቀንስ ሰው ከዚህ መመሪያ አንድ ሙከራ ብቻ ቢወስድ ይህንን ይውሰድ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሙቀት ዝቅተኛ በመሆኑ ሙከራው የሚሠራ ላይመስል ይችላል፤ የሚፈለገው ግን ሙቀቱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው።

ራሙን ከፕሮሰሰሩ መለየት

ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የተባለውን የራም ፕሮፋይል፣ ማለትም ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥን ዝግጁ ቅንብር፣ ማብራትም ኦቨርክሎክ ነው፤ ሻጩ በማሸጊያው ላይ የጻፈው ፍጥነት የሜሞሪ ሞጁሉን ብቻ የሚመለከት እንጂ የፕሮሰሰሩ መቆጣጠሪያ ይሸከመዋል የሚል ዋስትና አይደለም። ራምና ፕሮሰሰር በአንድ ቀን ተነክተው ስሕተት ቢመጣ የማን እንደሆነ መለየት አድካሚ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ በፋብሪካ ልኩ ላይ እያለ ራሙ ብቻ ይፈተሽ፣ እሱ ከተረጋገጠ በኋላ ፕሮሰሰሩ ይነካ።

የመጀመሪያውን የራም ፍተሻ ከፍላሽ በሚነሣው ሜምቴስት86 ማድረግ የምመርጠው ዊንዶውስ ሳይከፈት ስለሚሠራ ነው። ያልተረጋጋ ራም ላይ ዊንዶውስን መክፈት ፋይሎችን በተዛባ መልኩ ወደ ዲስክ መልሶ ሊጽፍ ይችላል፤ የሲስተም ፋይል ከተበላሸ በኋላ ራሙን ማስተካከል ብቻውን አያድንም። ሜምቴስት86 ከባድ ጉድለትን በደንብ ይይዛል፣ ለረቂቁ ግን ለዘብ ይላል፤ ስለዚህ እሱ ካለፈ በኋላ ዊንዶውስ ውስጥ በቴስትሜም5 ወይም በዋይ-ክረንቸር የሜሞሪ ክፍል መቀጠል ያስፈልጋል። ዲዲአር5 የተባለው የራም ትውልድ ራሱን ያርማል የሚለው አባባልም ግማሽ እውነት ነው፤ እርማቱ በሜሞሪ ቺፑ ውስጥ ያለውን ስሕተት ይመለከታል እንጂ ከቺፑ ወደ ፕሮሰሰሩ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚፈጠረውን አይነካም፤ ኦቨርክሎክ በይበልጥ የሚያስጨንቀው ደግሞ ይህ መንገድ ነው።

ስንት ዲግሪ ይበቃል?

ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም፤ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነት መቀነስ የሚጀምርበት ልክ ይለያያል። የኢንቴል 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ልክ በአብዛኛው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ የኮር አልትራ 200ኤስ ደግሞ 105 ነው። የራይዘን 7000 መደበኛ ፕሮሰሰሮች ልክ 95 ነው፤ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ የመሳሰሉት፣ ተጨማሪ ካሽ የተደረበባቸው፣ 89 ላይ ያቆማሉ። ራይዘን 7000 ኃይል ካገኘ ሆን ብሎ እስከ 95 እንዲወጣ የተሠራ በመሆኑ በፋብሪካ ልክ ላይ 95 ማየት ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። ፍጥነትና ቮልቴጅ በእጅ ተቆልፈው ሳለ ግን ወደ ልኩ መጠጋት ሌላ ትርጉም አለው፤ ቮልቴጁን እንደ ሙቀቱ የሚያወርደው ብልሃት ጠፍቷልና።

የእኔ ልማድ በከባዱ ሙከራ ከልኩ 10 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቀር ማድረግ ነው። ይህ የሚሆንበት ምክንያት የክፍሉ ሙቀት ስለሚለዋወጥ ነው። ማቀዝቀዣ የሚሰጠው ከክፍሉ አየር በላይ ያለውን ልዩነት ነው፤ 22 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 84 ያሳየ ፕሮሰሰር ክፍሉ 32 ሲሆን በግምት 94 ይደርሳል። በሌሊት በተከፈተ መስኮት አጠገብ የተደረገ ሙከራ ለቀኑ ሙቀት አይመሰክርም። የሙከራው ርዝመትም በማቀዝቀዣው ዓይነት ይወሰናል፤ በአየር የሚቀዘቅዘው በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ ከፍተኛውን ሙቀት ሲያሳይ፣ በፈሳሽ የሚቀዘቅዘው ውሃው ቀስ እያለ ስለሚሞቅ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ሙከራው በተጀመረ በሁለት ሦስት ሴኮንድ ሙቀቱ ልኩ ላይ ከደረሰ ደግሞ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወዲያው አቁሞ የማቀዝቀዣውን አገጣጠምና ቴርማል ፔስቱን (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ማየት ይገባል። የማቀዝቀዣው የታች ገጽ ላይ የሚለጠፈው መከላከያ ፕላስቲክ ሳይላጥ መቅረቱም ከሚታሰበው በላይ የሚያጋጥም ነገር ነው።

ልኩ ሲደረስ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ በዚያ ሁኔታ ያለፈ የመረጋጋት ሙከራ ስለተመረጠው ፍጥነት ምንም አያረጋግጥም። የተፈተነው ዝቅ ያለው ፍጥነት ነው። በኤችደብሊውኢንፎ ውስጥ ሙቀት ፍጥነትን መቀነሱን የሚያሳየው ምልክት «አዎ» ካለ ሙከራው ሙቀቱ ተስተካክሎ እንደገና ይጀመር።

ለየትኛው ሥራ፣ ለስንት ሰዓት?

የስሕተት አመጣጥ የዕድል ነገር አለበት። በአማካይ በሰዓት አንድ ጊዜ የሚሳሳት ፕሮሰሰር የአንድ ሰዓት ሙከራን ከ100 ጊዜ 37ቱን ያህል ያለ ስሕተት ያልፋል፤ ሦስት ሰዓት ቢሄድ የማለፍ ዕድሉ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል፤ ስምንት ሰዓት ከሄደ ማምለጡ እጅግ አጠራጣሪ ነው። «አንድ ሰዓት አለፈ» የሚለው ቃል ብዙ የማይመዝነው ለዚህ ነው። ሙከራውን ከስምንት ሰዓት ወደ ሃያ አራት ከማራዘም ይልቅ ግን ጊዜው ለሦስት የተለያዩ ሙከራዎች ቢከፋፈል የበለጠ ይጠቅማል።

ኮምፒውተሩን በዋናነት ለጨዋታ የሚጠቀም ሰው ከባዱን የኤቪኤክስ ሙከራ ለሰዓታት ማሠራት አያስፈልገውም፤ ጨዋታ እንዲህ ያለ ወጥ ጫና አይፈጥርም። ለእሱ ኮርሳይክለር ለአንድ ሌሊት፣ ኦሲሲቲ በተለዋዋጭ ጫና ለሁለት ሰዓት፣ ከዚያም ግራፊክስ ካርዱ አብሮ እየሞቀ የሚሄድ ረጅም የጨዋታ ጊዜ ይበቃል። የመጨረሻው ቀላል ቢመስልም ሊዘለል አይገባውም፤ የግራፊክስ ካርዱ ሙቀት በኮምፒውተሩ ሣጥን ውስጥ ያለውን አየር ሲያሞቀው ለብቻቸው ያለፉ ራምና ፕሮሰሰር ሊወድቁ ይችላሉ። ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ባለ ሦስት አውታር ምስል የሚሠራ ወይም ፕሮግራም ኮምፓይል የሚያደርግ ሰው ሁሉንም ኮሮች ለረጅም ጊዜ ስለሚያሠራ ፕራይም95ን በአነስተኛው ስሌት አንድ ሰዓት ለሙቀት፣ ከዚያም ዋይ-ክረንቸርን ሌሊቱን ለትክክለኛነት ይጨምር። ውጤቱ በሌላ ሰው የሚታመንበት ስሌት፣ የሒሳብ መዝገብ ወይም ሰርቨር የሚያሠራ ሰው ግን ምክሬ አጭር ነው፤ ኦቨርክሎክ አያድርግ።

በማናቸውም መንገድ ሁሉንም ያለፈው ልክ እንደተገኘ እዚያው ላይ አይቆሙ። ያ ልክ ጠርዙ ነው። ፍጥነቱን 100 ሜጋኸርዝ መመለስ ወይም ሙቀቱ ከፈቀደ ቮልቴጁን ከ10 እስከ 25 ሚሊቮልት መጨመር ለክፍሉ ሙቀት፣ ለአቧራና ለእርጅና መጠባበቂያ ይሆናል። እርጅናው በቁም ነገር የሚታይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የታወቀው የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ችግር የመጣው ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ፕሮሰሰሩ ለመረጋጋት የሚፈልገውን ዝቅተኛ ቮልቴጅ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከፍ ስላደረገው ነበር፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት በማይክሮኮድ (በፕሮሰሰሩ ውስጣዊ መመሪያ) ማሻሻያና ዋስትናን በሁለት ዓመት በማራዘም ምላሽ ሰጥቷል። ከተጠቃሚዎቹ ብዙዎቹ ጨዋታ ሲከፍቱ ያዩት መልእክት «የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል» የሚል ስለነበር ጥፋቱን ግራፊክስ ካርዳቸው ላይ ሲፈልጉ ቆይተዋል። አስቀድሞ የተረጋጋ ኮምፒውተር ከወራት በኋላ እንዲህ ያለ ግራ የሚያጋባ መልእክት ማሳየት ከጀመረ ግራፊክስ ካርዱን ከመቀየር በፊት ባዮሱን ወደ ፋብሪካ ልኩ መልሶ ማየት ያዋጣል፤ መልእክቱ ከጠፋ በተመዘገበው ልክ ላይ ሙከራው እንደ አዲስ ከኮርሳይክለር ይጀመር። ባዮስ በተሻሻለ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ማሻሻያው የቮልቴጅ አሰጣጡን ስለሚለውጥ የድሮው ውጤት ለአዲሱ ባዮስ አይሠራም።